ወህኒ የወረደ ጨዋታ

በጥር 2010 (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ የሚያስችል አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለዳኛ እንግዳ በሆነ ጥያቄ ላይ ውሳኔ ሰጠ። በሐሳብ ዘንዶ መግደል የእስር ቤትን ጸጥታ ያደፈርሳል ወይስ አያደፈርስም? ክሱን ያቀረበው በዊስኮንሲን ግዛት ዋፑን በሚባል እስር ቤት፣ በነፍስ ግድያ የዕድሜ ልክ ፍርዱን የሚገፋ ሰው ነው። በ2004 የእስር ቤቱ ሠራተኞች ስም ያልተጻፈበት ጥቆማ ደርሷቸው ክፍሉን ፈተሹ። የጨዋታ መጻሕፍቱን፣ መጽሔቶቹንና በገዛ እጁ የጻፈውን 96 ገጽ ረቂቅ ሰብስበው ወሰዱበት። ረቂቁ ውስጥ የተገኘው የማምለጫ ካርታ አልነበረም፤ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ለሚባለው ጨዋታ የፈጠረው ምናባዊ ዓለም ነበር።

ሰውየው ዝም አላለም። ከእስረኞችና ጨዋታውን ከሚያውቁ ባለሙያዎች 15 ቃለ መሐላ አሰባስቦ፣ ይህ ጨዋታ የወሮበላ ቡድን ሲፈጥር ያየ ሰው የለም ብሎ ተከራከረ። እስር ቤቱ በበኩሉ የወሮበላ ቡድኖች ባለሙያውን አቀረበ። ጨዋታውን የሚመራው ሰው ለሌሎቹ ምን እንደሚገጥማቸው ስለሚነግራቸው አደረጃጀቱ የወሮበላ አለቃና ጭፍራ ይመስላል፤ በዚያ ላይ እስረኞቹን ከእውነተኛው ዓለም ያርቃቸዋል አለ። ፍርድ ቤቱ ለእስር ቤቱ ፈረደ።

ይህን የማነሳው ዳኞቹን ለመንቀፍ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ለእስር ቤት አስተዳዳሪ ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል፤ ዳኞቹም ያንን አከበሩ። እኔን የገረመኝ የጨዋታው ጠላቶችና ወዳጆች በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች ተጫዋቹ ከእውነታው ይሸሻል ይላሉ፤ አንደኛው ሽሽቱን ይፈራዋል፣ ሌላኛው ይባርከዋል። በወረርሽኝ፣ በሐዘን፣ በሥራ ማጣትና በእስር ዘመን ጨዋታው ለብዙ ሰው እፎይታ መስጠቱን አልጠራጠርም። እፎይታው ከሽሽት የመጣ ነው የሚለው ግን አይዋጥልኝም። በመከራ ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የሚጠብቀውን ሰው፣ የሚወስነውን ነገርና የውሳኔውን ውጤት ነው። ጨዋታው እነዚህን ይመልስለታል፤ እነዚህ ደግሞ ከሸክም እንጂ ከሽሽት ወገን አይደሉም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ነው። «ድልድዩ ተሰብሯል፤ ከወንዙ ማዶ የልጅ ልቅሶ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ ጠንቋይ፣ ቀስተኛ፣ ሌባ፣ መነኩሴ። የዚያ ሰው ጉልበት፣ ብልሃትና ድክመት በአንድ ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፏል። «እኔ እዋኛለሁ» ያለ ሰው መዋኘቱን የሚወስነው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል፤ የወጣው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ችሎታ ተደምሮ ወይ ይሻገራል ወይ ውኃ ይወስደዋል። አሸናፊ የሚባል የለም። ታሪኩ ከሳምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዓመት ዓመት ይቀጥላል። ገጸ ባሕርይ ሊሞትም ይችላል፤ ጓደኞቹ ይቀብሩታል፣ ተጫዋቹም ሌላ ይፈጥራል።

ጨዋታው ለሽያጭ የቀረበው በ1974 ነው፤ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ፈጣሪዎቹ የሚኒሶታው ዴቭ አርነሰንና በዊስኮንሲን ሌክ ጄኔቫ የሚኖረው ጋሪ ጋይጋክስ ናቸው። ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። በ1970 ከሥራው ተባረረና ቤተሰቡን ለማኖር ከቤቱ ምድር ቤት ጫማ መጠገን ያዘ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጫወተው ነገር የወጣው ሶል እየለጠፈ ከሚያመሽ ሥራ ፈት እጅ ነው ማለት ይቻላል። ልብ ላለ ሰው ደግሞ ጨዋታው የተወለደበት ሌክ ጄኔቫና ጨዋታው የተከለከለበት ዋፑን በአንድ ግዛት ውስጥ ናቸው።

በ1980ዎቹ የአሜሪካ ወላጆችና ሰባኪዎች ጨዋታውን የሰይጣን መግቢያ ነው ብለው ዘመቱበት። ልጇ ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት ጨዋታውን ተጠያቂ አድርጋ የተቃውሞ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሰች። የእናቲቱ ሐዘን እውነት ነው፤ ክሱ ግን በማስረጃ አልቆመም። እኛም ሰፈር ፑል ቤትና ፕሌይ ስቴሽን ቤት ላይ ሲወርድ የኖረውን እርግማን ያስታወሰ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

አሁን ወደ እስር ቤት እንመለስ፤ ወደ ቴክሳስ እንሂድ። ሊቪንግስተን ከምትባል ከተማ አጠገብ ፖለንስኪ የሚባል እስር ቤት አለ፤ የግዛቲቱ ወንድ የሞት ፍርደኞች የሚኖሩት እዚያ ነው። ቀድሞ ኤሊስ በሚባል ሌላ እስር ቤት ነበሩ። እዚያ አንዳንዶቹ ይሠሩ ነበር፤ አብረው ተቀምጠው መጫወትም ይችሉ ነበር። በኅዳር 1998 ሰባት ፍርደኞች ለማምለጥ ሞከሩ፤ አጥሩን የዘለለው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ከቀናት በኋላ ሞቶ ተገኘ። በ1999 ፍርደኞቹ ወደ ፖለንስኪ መዛወር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ለብቻው በጠባብ ክፍል ተቆልፎ በቀን ከ20 ሰዓት በላይ ያሳልፍ ነበር። ቴሌቪዥን አልነበረም። ከቤተሰብ ጋር መነካካት አልነበረም። እንዲህ ያለው ኑሮ በሞት እስኪቋጭ አሥርም ሃያም ዓመት ይወስድ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እንደሚጫወቱ ለዓለም የተናገረችው ጋዜጠኛዋ ኬሪ ብላኪንገር ናት። ጽሑፏ በ2023 ክረምት ማርሻል ፕሮጀክት በተባለ የዜና ድርጅትና በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ወጣ። ብላኪንገር ራሷ ታስራ የወጣች ሰው ስለሆነች፣ ሌላ ዘጋቢ እንደ ቀልድ የሚያየውን ነገር በቁም ነገር አየችው።

እሷ እንደጻፈችው ዳይስ በእስር ቤቱ ክልክል ነበር፤ ቁማር ይሆናል ተብሎ። ስለዚህ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ላይ የሚሽከረከር ቀስት በእጃቸው ሠሩ። ካርታውን በእርሳስ ሣሉ። ሕጉ የተጻፈበት መጽሐፍ ያለው ላልገዛው ያካፍላል፤ የሌለው በእጁ ይገለብጣል። ፊት ለፊት መቀመጥ ስለማይችሉ ከክፍል ክፍል እየተጣሩ፣ ወይም ማስታወሻ በወረቀት እየተላላኩ ይጫወቱ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሰከንድ የማይፈጅ አንድ የሰይፍ ምት እዚያ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ጠባቂዎች አንዱን ተጫዋች ወደ ሌላ ክፍል ካዛወሩት ታሪኩ መሐል ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ የሚገደልበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ከቡድኑ አንድ ሰው ይጎድላል፤ እዚህ ላይ የሚሽከረከረው ቀስት ምንም ሥልጣን የለውም።

ከመካከላቸው አንዱ በ18 ዓመቱ የ82 ዓመት ሽማግሌ ገድሎ የተፈረደበት ነው። ይህን የምጽፈው አንባቢ ለተጫዋቾቹ ማዘን ሲጀምር ሟቹን እንዳይረሳ ነው። ሰውየው ከጉርምስናው መጨረሻ ጀምሮ የሚያውቀው ኑሮ እስር ብቻ ነበር። በጨዋታው ግን የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ረቂቅ መሣሪያ የሚሠራ ባለ ተሰጥኦ ነው። ያ ገጸ ባሕርይ ቀን ቀን መቶ ዓመት የፈጀ ጦርነት የሚያስቆም ነገር ለመፈልሰፍ ይለፋል፤ ማታ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሚወዳት ሚስቱ ዘንድ ይገባል።

ይህን ሳነብ የቆምኩት «ማታ ይገባል» የሚለው ላይ ነው። ምናቡ ወሰን አልነበረውም። ንጉሥ መሆን፣ መብረር፣ የማይሞት መሆን ይችል ነበር። የመረጠው ሥራ ውሎ ቤት መግባትን ነው። ይህ ሰው ከኑሮ ሸሸ ለማለት ይከብደኛል፤ ያልኖረውን ተራ ኑሮ ከነኃላፊነቱ ተለማመደው ብል ይቀለኛል። ሐምሌ 8 ቀን 2020 የሞት ቅጣቱ ተፈጸመበት።

የዋፑኑ ባለሙያ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ምናልባት ያው፣ ከእውነታ መራቅ ይለው ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ለብቻው የተዘጋበት ሰው በጎረቤቱ ተራ ላይ ዝም ማለትን፣ የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ የራሱን መቀየርን፣ ቃል ገብቶ በሰዓቱ መገኘትን ከየት ይማራል? ተራኪው ታሪኩን የሚያዘጋጀው ሌሎቹን ቀድሞ እያሰበ ነው። ይህኛው ተደብቆ መግባት ይወዳል፣ ያኛው መነጋገር ይወዳል፤ ለሁለቱም ቦታ ማበጀት አለበት። በፖለንስኪ ስለ ሰው ፍላጎት እንዲህ የሚታሰብበት ሌላ አጋጣሚ ብዙ አይመስለኝም።

ጨዋታ በመከራ ጊዜ ሰው እንደሚያሰባስብ እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው አያጣውም። ቀብሩ አልቆ፣ ንፍሮው ተበልቶ፣ ሌሊቱ ሲገፋ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይወጣል። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ «ሬሳው ሳይበርድ ጨዋታ!» ሊል ይችላል። ካርታ የያዙት ሰዎች ግን ሐዘኑን አልረሱትም፤ እዚያ ያመሹት በሐዘኑ ምክንያት ነው። ካርታው እንቅልፍ ያባርራል፣ እጅ ያፍታታል፣ የሚባል ቃል ሲያልቅ አብሮ ለመቀመጥ ሰበብ ይሆናል። ሐዘንተኛው መናገር ሲፈልግ ይቆማል፤ ዝም ሲል ይቀጥላል።

ከዚህም የከበደ ምሳሌ አለ። በ1943 በናዚዎች በተያዘችው ቴሬዚንሽታት ጌቶ ኦስቫልድ ፖክ የተባለ ሠዓሊ ለልጆች የሞኖፖሊ ሰሌዳ ሠራ። የገጸ ባሕርይ ጨዋታ አይደለም፣ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። ሰሌዳው ዛሬ ኢየሩሳሌም በያድ ቫሼም ይገኛል። ሠዓሊው ልጆቹን ከጌቶው ማስረሳት ቢፈልግ ኖሮ ፓሪስን ወይም ለንደንን መሣል ይችል ነበር። የሣለው ጌቶውን ራሱን ነው፤ እስረኞቹ የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች፣ መጋዘኑን፣ እስር ቤቱን። ልጆቹ ያሉበትን ቦታ እየተጫወቱ አወቁት፤ መውጫ በሌለው ስፍራ ላይም ለአንድ አፍታ ራሳቸው የሚወስኑ ሆኑ። ፖክ በኋላ ወደ አውሽቪትዝ ተወስዶ ተገደለ።

የመጋቢት 2020ው የኮሮና መዘጋት ከዚህ ጋር አይነጻጸርም፤ ቤቱ ሆኖ ዳቦ መጋገር የተማረና የሞት ፍርደኛ አንድ አይደሉም። ቢሆንም ነገሩን በሰፊው ያሳየው እሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይጫወቱ የነበሩ ወደ ኮምፒዩተር ዞሩ፤ እንደ ሮል ትዌንቲ ያሉ ከ2012 ጀምሮ የነበሩ የኢንተርኔት መጫወቻዎች ተጨናነቁ። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያም የዚያ ዓመት ሽያጩ በሲሶ ያህል ማደጉን ተናገረ። ለምን? በቪዲዮ የሚደዋወሉ ጓደኛሞች ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያወሩት አለቀባቸው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም። አንቺስ?» «ምንም።» ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ወዳጅነት የሚመገበው ያጣል፤ የጋራ ትዝታ አይፈጠርም። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ የሚጫወቱ ግን «ያን ቀን ባትዋሺው ኖሮ ጠባቂው በሩን አይከፍትልንም ነበር» የሚባባሉበት ነገር ነበራቸው። በዚያ ዓመት የሆነ ነገር የሆነላቸው እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከእኔ አልፈው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ጨዋታው መድኃኒት ነው የሚሉ። ሲያትል አካባቢ በ2017 የተቋቋመው ጌም ቱ ግሮው የተባለ ድርጅት ኦቲዝም ያለባቸውንና ከሰው መግባባት የሚከብዳቸውን ልጆች በዚህ ጨዋታ ይረዳል። ሥራው በሠለጠነ ሰው የሚመራ ስለሆነ አከብረዋለሁ። በ2024 የአውስትራሊያው ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናትም ለ8 ሳምንት የተጫወቱ ሰዎች ድባቴያቸውና ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጨምሮ መገኘቱን ይገልጻል። ደስ ይላል። ግን ተሳታፊዎቹ 25 ናቸው። ለስምንት ሳምንት በቋሚ ሰዓት ከማያውቁት ሰው ጋር ተገናኝተው እንጀራ መጋገር ቢማሩስ ኖሮ? ልዩነቱ ምን ያህል ከዘንዶው፣ ምን ያህል ከቀጠሮው እንደመጣ ከ25 ሰው መለየት አይቻልም። እኔ እንደተከራከርኩት ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ከቀጠሮው መምጣቱ አይገርመኝም። ድባቴ የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ረቡዕ ማታ ደግሞ ይጫወት።

ጨዋታው የሚያቆስልበት ጊዜም አለ። ወንድሙን በቅርቡ የቀበረ ሰው ፊት ተራኪው ሳያውቅ የወንድም ሞት ቢያመጣ፣ ያ ሰው የገጸ ባሕርዩን እንባ አያለቅስም፤ የራሱን ነው። ተጫዋቾች ስሜት ከገጸ ባሕርይ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ገጸ ባሕርይ እንደሚሰርግ አስቀድመው ስለሚያውቁ ብልሃት አበጅተውለታል። ከሁሉ ቀላሉ ጆን ስታቭሮፖሎስ የተባለ የኒውዮርክ ሰው ያስፋፋው ካርድ ነው። ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክት ተጽፎ ጠረጴዛ መሐል ይቀመጣል። የከበደው ሰው ይነካዋል፤ ትዕይንቱ ይታለፋል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ካርዱን የሚንቁ አሮጌ ተጫዋቾች አሉ፤ ድራማ ያለሰልሳል ይላሉ። በእኔ እምነት ተሳስተዋል። መውጫው የት እንደሆነ ያወቀ ሰው ነው ደፍሮ ጨለማ ክፍል የሚገባው። ካርዱ የማይፈውሰው ችግር ግን አለ፤ ጉልበተኛ ተራኪ። ሥልጣን የሚወድ ሰው ያንን ወንበር ከያዘ ሌሎቹ ለሦስት ሰዓት የእሱ ታዳሚ ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ገበታ ላይ መከረኛ ሰው ባይቀመጥ ይሻለዋል። የዋፑኑ ባለሙያ ለአንድ አፍታ እውነት የሚመስለው እዚህ ጋ ነው።

ይህ ሁሉ አማርኛ አንባቢን ምን ይመለከተዋል? መጻሕፍቱ ውድ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ዘንዶዎቹና ቤተ መንግሥቶቹም የአውሮፓ ናቸው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በጥር 2023 ባለቤቱ ኩባንያ ሌሎች በጨዋታው ሕግ ተመርኩዘው እንዲያሳትሙ የፈቀደበትን የቆየ ውል ሊያጠብቅ ሲሞክር ተጫዋቾቹ አመፁበት፤ ብዙዎች የጨዋታውን የኢንተርኔት አገልግሎት ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ኩባንያው በዚያው ወር ማብቂያ ላይ አፈገፈገና መሠረታዊውን ሕግ፣ ወደ 400 ገጽ የሚጠጋውን፣ ምንጩን ለሚጠቅስ ሁሉ በነፃ ፈቃድ ለቀቀው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወደ አማርኛ ቢመልሰው፣ ቢያሳጥረው፣ ዘንዶውን በጅብ ቢቀይረው፣ ቤተ መንግሥቱን ጎንደር ቢያደርገው፣ ቢሸጠውም ሕጋዊ ነው። የዋሽንግተን ወይም የቴል አቪቭ ልጆቻችን በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ የሚጫወቱትን ከአያታቸው ጋር ሊጫወቱት ይችላሉ፤ አያት ተራኪ ከሆነች ደግሞ የሚወዳደራት አይኖርም።

ባለ 20 ገጹ ዳይስ በየሱቁ የለም፤ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ወይም ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ቆብ ውስጥ ይበቃሉ። ከባዱ ሌላ ነው። የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ታክሲ የሚሰለፉ አምስት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት፣ ደጋግመው እንዲገናኙ ማድረግ። ነባር ተጫዋቾች በጨዋታው ውስጥ ካሉት አውሬዎች ሁሉ ብዙ ቡድን የበላው እሱ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። የሚመክሩትም ይህን ነው፦ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ አንድ ሰው ቢቀር አትሰርዙ፣ የቀረው ሰው ገጸ ባሕርይ ያን ማታ ታሞ ተኝቷል በሉ።